ከአራት ኪሎ እስከ ሻላ፦ የገና ሰሞን የዳክዬ ጉዞ ማስታወሻ

ታኅሣሥ 27፣ አራት ኪሎ

የቤተሰባችን የገና ሰሞን የዳክዬ ጉዞ የሚጀምረው ከሐይቅ ዳር ሳይሆን ከመሃል አዲስ አበባ ነው። በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የዶሮ ወጡ ሽንኩርት መከተፍ ተጀምሮ ልጆች ከማዕድ ቤት ዞር እንዲሉ በሚፈለግበት ሰዓት፣ የእህቴን ልጆች ይዤ አራት ኪሎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ግቢ ውስጥ ወደሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም እሄዳለሁ። በሐይቅ ላይ ያለ ዳክዬ ሩቅ ነው፤ ሲቀርቡትም ይነሣል። በመስታወት ውስጥ የቆመው ግን መንቁሩንና ጣቶቹን የሚያያይዘውን ስስ ቆዳ እስኪጠግቡ ያሳያል። ልጆቹ ስም እንዲሸመድዱ አላስገድዳቸውም፤ መንቁሩን ብቻ ልብ እንዲሉ እነግራቸዋለሁ፤ ምክንያቱም መንቁሩን ያወቀ ሰው ወፉ ምን እንደሚበላና በምን ዓይነት ውሃ ላይ እንደሚውል ግማሹን አውቋል።

ጉዞው የቀጠለው አባቴና ጓደኞቹ በበዓል ሰሞን ለቆቅና ለጅግራ አደን ወደ ስምጥ ሸለቆ ይወርዱ ከነበረበት ልማድ ነው። ጠመንጃው ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ መንገዱ፣ ስንቁና ከሌሊቱ የመነሣቱ ሥርዓት ግን አልቀረም። በአገራችን ሕግ የዱር እንስሳት አደን ያለ ፈቃድ የማይካሄድ ሲሆን፣ ከዚያም በላይ ዳክዬ በእኛ ቤት ማዕድ ላይ ወጥቶ አያውቅም። በአብዛኛው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ቤትም እንዲሁ ነው። ስለዚህ እኛ ዳክዬን የምንጠብቀው ለመቁጠር ነው። ጊዜውም ይገጥማል፤ በአፍሪካ የውሃ ወፎች ቆጠራ የሚካሄደው በጥር ወር አካባቢ ሲሆን፣ በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለም። የእኛ ቆጠራ የቤተሰብ ደብተር ከመሙላት የዘለለ ዓላማ የለውም፤ ዘዴውን ግን ከእነርሱ ወስደናል።

ዘንድሮ አንድ እውነተኛ አዳኝ ተጨምሮልናል። አሜሪካ፣ ሚኒሶታ የሚኖረው የእናቴ ታናሽ ወንድም ለገና መጥቷል፤ እዚያም ከሥራ ባልደረቦቹና ከቤተሰቦቻቸው ጋር በየዓመቱ ለዳክዬ አደን ይወጣል። ልጆቹ በሙዚየሙ ደረጃ ላይ ከበው ሲጠይቁት የነገራቸው ነገር ከጠበቅሁት በላይ ሕግ የበዛበት ነበር። ዕድሜው 16 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ አዳኝ እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ የሚሸጠውን የፌዴራል የዳክዬ ቴምብር በ25 ዶላር መግዛት አለበት፤ ገንዘቡም ረግረጋማ መሬትን ለመጠበቅ ይውላል። በጠመንጃው ውስጥ ከሦስት ጥይት በላይ መያዝ አይፈቀድለትም፤ ፀሐይ ልትወጣ ግማሽ ሰዓት እስኪቀራት ድረስ መተኮስ ክልክል ነው፤ የእርሳስ ጥይትም ወፎችን ስለሚመርዝ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ለውሃ ወፍ አደን በመላ አገሪቱ ታግዷል። ትንሿ ልጅ ይህን ሁሉ ሰምታ፣ «ታዲያ ጋሼ፣ ዳክዬውን መቼ ነው የምትመታው?» ብላ አሳቀችን።

ከሙዚየሙ ወጥተን በእግራችን ወደ ፒያሳ ወረድን። አጎቴ በልጅነቱ ማኪያቶ የሚጠጣበትን ቤት ሲፈልግ ቆየ፤ ከኮሪደር ልማቱ በኋላ ግን ሰፈሩ ለእርሱ አዲስ ከተማ ሆኖበታል፤ በመጨረሻ መነሻ አድርጎ የያዘው የዓድዋ ድል መታሰቢያን ሳይሆን የጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን ነው። ለእጅ ባትሪ የሚሆኑ ድንጋዮችና አንድ ኪሎ ቆሎ ገዝተን ወደ ቤት ገባን።

ታኅሣሥ 29፣ የገና ዕለት

ስለ በዓሉ የምጽፈው ብዙ የለኝም፤ ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተመረቀ። ከቡና በኋላ የተነሣው ክርክር ግን ለጉዞው አስፈላጊ ስለነበር ልመዝግበው። የእህቴ ባል በአዳማው የክፍያ መንገድ ሄደን ባቱ ለምሳ እንድረስ አለ። የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር የሆነው ጓደኛችን ደግሞ በአሮጌው መንገድ እንሂድ ባይ ነበር። እኔ የተስማማሁት ከመምህሩ ጋር ነው። ፈጣኑ መንገድ ለመድረስ ይጠቅማል፤ በአጥር ታጥሮ ስለሚያልፍና መቆም ስለማይፈቀድበት ግን ዳክዬ አያሳይም።

አጎቴ በሚኒሶታ ዳክዬን በበርበሬና በቀይ ሽንኩርት እንደሚሠራው በዚሁ ገበታ ላይ ተናገረ። አክስቴ አማተበች፤ ከዚያም፣ «በርበሬውን ማነው የላከልህ? እኔ እንዳልሆንኩ በማርያም!» ብላ ገበታውን አስነሣች።

ታኅሣሥ 30፣ ገፈርሳ

ሩቁን መንገድ ከመጀመራችን በፊት በበዓሉ ማግስት ገፈርሳ ደርሰን እንመለሳለን። ገና ሳይነጋ ከጊዮርጊስ ተነሥተን በጳውሎስ፣ በዊንጌትና በአስኮ አድርገን፣ ቡራዩን አልፈን ግድቡ ዳር ደረስን። ገፈርሳ ከመሃል ከተማው ወደ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ለገዳዲ ከመሠራቱ በፊት ጀምሮ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ ሲሰጥ የኖረ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር አካባቢ ስለሆነ በታኅሣሥ መጨረሻ ሣሩ ላይ ውርጭ ይተኛል፤ በጎች የሚያግዱ ልጆች ጋቢ ተከናንበው በእሳት ዙሪያ ቆመው ነበር።

እዚህ የምንመጣው ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ በሌላ ቦታ ለማይገኘው ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ስንል ነው። ግራጫ ቡናማ መልክ ያለው፣ ላባው ለብርዱ የወፈረ፣ አጭር መንቁር ያለው ወፍ ነው፤ ሰማያዊው ቀለም በደንብ የሚታየው ክንፉን ሲዘረጋ ብቻ ነው። ሲያርፍ አንገቱን ወደ ኋላ አጥፎ በጀርባው ላይ ስለሚያስተኛው ከሩቅ አንገት የሌለው ይመስላል። በአብዛኛው የሚመገበው በሌሊት በመሆኑ፣ ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ የሚመጣ ሰው የሚያገኘው የተኛ ወፍ ነው። እኛ ጥንድ ጥንድ ሆነው በውሃው ዳር ሣር ሲነጩ አገኘናቸው፤ ከበጎቹ መካከል ገብተው ስለነበር መጀመሪያ የለየቻቸው ትንሿ ልጅ ናት።

አጎቴ የአዳኝ ዕውቀቱን ማሳየት የጀመረው እዚህ ነው። ዳክዬና ዝይ ሲያርፉ ፊታቸውን ወደ ነፋሱ አዙረው ነው፤ ስለዚህ ነፋሱን ለጀርባው ሰጥቶ የሚጠብቅ ሰው ወፎቹ ወደ እርሱ እየመጡ ሲያርፉ ያያል። ቀለምን ለይተው የሚያዩ በመሆናቸውም አዳኝ ፊቱን ሳይቀር ይሸፍናል፤ በደመቀ ልብስ አይቀርብም። ይህን ብሎ ዞር ሲል አክስቴ ነጭ የበዓል ነጠላዋን ለብሳ በግድቡ ዳር ቆማለች። ቡናማ ብርድ ልብስ ደርባ እንድትቀመጥ በትሕትና ቢለምናትም፣ «የገናን ነጠላ ለዳክዬ ብዬ አልሸፍንም፤ ካፈሩ እነርሱ ይሂዱ!» አለችው። እውነትም ሄዱ፤ ከውሃው ወዲያ ማዶ አረፉ። የቆጠርናቸው ከዚያ በኋላ በመምህሩ ቴሌስኮፕ ነው።

ከዝዮቹ ሌላ ባለ ቢጫ መንቁሩ ዳክዬ በብዛት ነበር። ይህ ወፍ አጎቴ በሚኒሶታ አብዝቶ ከሚያድነው አረንጓዴ ራስ ዳክዬ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው፤ ድምፁን ሲሰማ ቆም ብሎ አዳመጠና በአፉ አስመስሎ ጠራው። ከወፎቹ አንዱም ዞር ብሎ አላየውም። በሣሩ ላይ ቁርስ በላን፤ ከበዓሉ የተረፈ ድፎ ዳቦና በቴርሞስ የመጣ ቡና ነበር። ከዚያ ረፋዱ ላይ ወደ ከተማ ተመለስን።

ጥር 1፣ ጨለለቃና ቆቃ

ሻንጣውን ሚኒባሱ ላይ ጭነን በመስቀል አደባባይ፣ በቃሊቲና በዱከም አድርገን በአሮጌው መንገድ ወረድን። ቢሾፍቱ ሲባል የአዲስ አበባ ሰው ልብ የሚሄደው ሆቴሎቹ ወደከበቧቸው የእሳተ ገሞራ ሐይቆች ነው። ሆራም ሆነ ቢሾፍቱ ሐይቅ ያማሩ ናቸው፤ ነገር ግን ገደላቸው ቀጥ ብሎ ወደ ጥልቅ ውሃ ስለሚወርድ ለአብዛኛው ዳክዬ የሚሆን ዳርቻ የላቸውም። ዳክዬ ያለው በከተማው ጠርዝ ባለችው፣ ማንም ለሽርሽር በማይቆምባት በጨለለቃ ነው። ጨለለቃ ክረምት የሚሞላት፣ በጋው ሲገፋ የምትሸሽ፣ ጥልቀት የሌላት ውሃ ናት። በጥር መጀመሪያ ውሃው ገና አልሸሸም፤ ጭቃው ግን መታየት ጀምሯል፤ ለዳክዬ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም።

ምክንያቱን ለልጆቹ ያስረዳው መምህሩ ነው። ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት አብዛኞቹ ዳክዬዎች ጠልቀው የሚዋኙ አይደሉም፤ ጭራቸውን ወደ ሰማይ አድርገው በግንባራቸው ይደፉና አንገታቸው በደረሰበት ልክ ከታች ያለውን ዘርና ትል ይለቅማሉ። ስለዚህ ከአንገታቸው የረዘመ ውሃ ለእነርሱ ማረፊያ እንጂ ገበታ አይደለም። ይህን ካወቁ በኋላ ካርታ ላይ ያለው የሐይቅ ስፋት ብዙም አያታልልም። ልጆቹም ወዲያው ጭራ መቁጠር ጀመሩ። ረጅም ጅራት ያለው ፒንቴል፣ ሰፊ መንቁሩን ውሃው ላይ እያንሸራተተ የሚያጣራው ሾቨለር፣ እንዲሁም አውሮፓ ውስጥ ክረምቱን የማያሳልፈውና ከሰሃራ በታች የሚወርደው ትንሹ ጋርጋኒ በአንድ ውሃ ላይ ተደባልቀው ነበር። በሙዚየሙ መስታወት ውስጥ ያዩትን የሾቨለር መንቁር በሕይወት ሲሠራ ያዩት እዚህ ነው።

የቆጠራው ዘዴ ቀላል ይመስላል እንጂ ትዕግሥት ይጠይቃል። ፀሐይን ከጀርባ ማድረግ፣ አንድ ሰው ዓይኑን ከመነጽሩ ሳያነሣ እንዲቆጥርና ሌላው እንዲጽፍ ማድረግ፣ መንጋው ሲበዛ ደግሞ አሥሩን በትክክል ቆጥሮ በዚያ መጠን የቀረውን መለካት ያስፈልጋል። አጎቴና መምህሩ ተለያይተው ቆጠሩና የአንዱ ከሌላው በብዙ በለጠ፤ አጎቴ በአገሩ በቀን ስድስት ዳክዬ ብቻ የሚፈቀድለት አዳኝ ስለሆነ ከስድስት በላይ መቁጠር አልለመደም ብለን ቀለድንበት። ለማንኛውም ከሦስት መቶ በላይ እንደሆኑ ሁለቱም ተስማምተዋል።

ከሞጆ በኋላ ቆቃ ደረስን። በአዋሽ ላይ የተሠራው የቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ የጀመረ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነው። በዚህ ወቅት የግድቡ ውሃ ወደ ኋላ መሸሽ ስለሚጀምር ገበሬዎች ተከትለው በተለቀቀው መሬት ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ይተክላሉ። ከድልድዩ አጠገብ ቆመን ስናይ አባ ኮዳዎችና የውሃ ወፎች በጭቃው ላይ ነበሩ፤ ውሃው ዳር ግን በየቦታው እምቦጭ ተኝቶበታል። እምቦጭ በሸፈነው ውሃ ላይ ሾቨለር መንቁሩን የሚያስገባበት ቀዳዳ የለውም። እዚህ ብዙ አልቆየንም፤ ልጆቹ ርቧቸው ነበር። ምሽት ላይ ባቱ ገባን፤ በዳጣ የቀረበ የተጠበሰ ቆሮሶ በልተን ተኛን።

ጥር 2፣ ዝዋይ ሐይቅ

ከጉዞው ሁሉ ረጅሙን ገጽ ለዚህ ጠዋት እሰጣለሁ። ባቱ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ሐይቁን ግን ሰው ሁሉ አሁንም በቀድሞው የከተማዋ ስም ዝዋይ ይለዋል። ስፋቱ ወደ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሆኖ ሳለ አማካይ ጥልቀቱ ከሁለት ሜትር ተኩል ገደማ አይበልጥም። መቂና ቀታር የሚባሉት ወንዞች ይገቡበታል፤ ቡልቡላ ይወጣበታል። ጥልቀት የሌለው፣ ጨዋማ ያልሆነ፣ ዳሩ በፊላና በቄጠማ የተከበበ ሐይቅ ነው። ዳክዬ ውሃ ምረጥ ቢባል የሚመርጠው ይህንኑ ነው።

ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዓሣ አስጋሪዎቹ ከሚያርፉበት ወደብ ደረስን። ፔሊካኖችና አባ ኮዳዎች የዓሣ አንጀት የሚጣልበትን ሰዓት ያውቁታል፤ ገና ጀልባዎቹ ሳይመለሱ ተሰልፈው ይጠብቁ ነበር። አባ ኮዳ ከልጅ ቁመት ስለማያንስ ልጆቹ አክስቴን ተጠግተው አለፉ። የተከራየነውን ጀልባ የያዘው ሰው ዕድሜው ከአጎቴ ብዙም አያንስም፤ ሞተሩን ወደ ፊላው ሳንደርስ አጠፋና በመቅዘፊያ ቀጠለ። አጎቴ በዚህ ተገረመ፤ በሚኒሶታም ሞተር እየነዱ ወፍ ላይ መተኮስ ክልክል እንደሆነ ነገረን።

ጀልባ ቀዛፊው ስለ ዳክዬ የሚያውቀው ከመጽሐፍ የተገኘ አይደለም። ፊቱ ነጭ የሆነውና እንደ እረኛ የሚያፏጨው ዳክዬ ቀን ቀን በፊላው ጥግ በአንድነት ቆሞ እንደሚውል፣ ማታ ደግሞ ሊመገብ እንደሚወጣ ነገረን። ብርሃን ሲመጣ እውነትም ፉጨቱ ከበላያችን ተሰማ፤ መንጋው ከሌሊት ግጦሹ ሲመለስ በላያችን አልፎ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዞ ከፊላው አጠገብ አረፈ። አጎቴ ሳያስበው ሁለት እጁን ጠመንጃ እንደያዘ ሰው አንሥቶ ነበር፤ ትንሿ ልጅ አይታው ጮክ ብላ ስትስቅ ግማሾቹ እንደገና ተነሡ። መምህሩ ቆጠራውን ከመጀመሪያው መጀመር ግድ ሆነበት፤ ለተወሰነ ጊዜም ማንንም አላነጋገረም።

ፊላውን ተከትለን ስንሄድ ትንንሾቹን አገኘን። ሆተንቶት የሚባለው ጥቁር ቆብ የደፋ የሚመስል ትንሽ ዳክዬ ተክሉ ከውሃው በሚገናኝበት ቦታ ብቻ ይውላል፤ ከዚያ ሜዳ ውሃ ላይ አይወጣም። ራሱ ላይ እብጠት ያለው ትልቁ ዳክዬ በሩቅ ጭቃ ላይ ቆሞ ነበር፤ ጉማሬዎችም ከወዲያ በኩል ስለነበሩ ጀልባ ቀዛፊው ወደዚያ አልሄድም አለ። ልክ ነበር። አክስቴ በሐይቁ ላይ ካሉት አምስት ደሴቶች መካከል ወደ ቱሉ ጉዶ ሄዳ የደብረ ጽዮንን ገዳም ለመሳለም ብትፈልግም፣ ነፋሱ ከረፋድ በኋላ ስለሚበረታና መንገዱ ስለሚርቅ ሐሳቧን ለሌላ ዓመት አቆየችው። ይህን ያህል ርቀት መጥታ ለዳክዬ ጊዜ ሲገኝ ለገዳም አለመገኘቱ እንዳሳዘናት ግን በግልጽ ተናግራለች፤ ያ ወቀሳ ሙሉ በሙሉ ተገቢ ነው ብዬ ጽፌዋለሁ።

ጥር 3፣ አብያታና ሻላ

ከባቱ ወደ ደቡብ ስንወርድ የአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ገባን። ፓርኩ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፤ ሁለቱ ሐይቆች ጎን ለጎን ሆነው የጉዟችንን ነገር ያለ ብዙ ንግግር ያስረዳሉ። ሻላ 266 ሜትር ጥልቀት ያለው ሐይቅ ነው፤ ከገደሉ ላይ ሆነው ሲያዩት ከሁሉም ያምራል፤ በቴሌስኮፕ ለረጅም ጊዜ ስንፈልግ ግን አንድም ዳክዬ አላገኘንም። አብያታ በአንጻሩ ጥልቀት የለውም፤ ውሃው ሶዳ የበዛበት በመሆኑ ፍላሚንጎዎች ይውሉበታል፤ ሾቨለርም ይወደዋል።

ችግሩ አብያታ እየሸሸ መሆኑ ነው። ውሃው የሚመጣው በአብዛኛው ከዝዋይ በቡልቡላ በኩል ስለሆነ ላይ ለመስኖ የሚሳበው ውሃ ሁሉ ታች ይጎድላል፤ ሶዳ አሽ ለማምረትም ከራሱ ከሐይቁ ውሃ ሲሳብ ቆይቷል። የድሮው ዳርቻ ከነበረበት ቦታ ወርደን በነጣው ጨዋማ መሬት ላይ ብዙ ተጓዝን፤ ከላይ የደረቀ መስሎ ከሥር ጭቃ ስለሆነ መኪና ወደዚያ መግባት የለበትም። አባቴ በአደን ዘመናቸው ውሃው መኪናቸውን ከሚያቆሙበት ዛፍ አጠገብ እንደነበር ይናገሩ ነበር፤ ዛፉ የትኛው እንደሆነ ለይተን አላወቅንም። ሾቨለሮቹን ከፍላሚንጎዎቹ ወዲህ በሩቅ አየናቸው፤ ሙቀቱ አየሩን ስላንቀጠቀጠው ግን በደብተሩ ላይ የጻፍነው ቁጥር ሳይሆን «መንጋ» የሚል ቃል ነው።

ወደ አዲስ አበባ የተመለስነው በፈጣኑ መንገድ ነው፤ በዚህ በኩል የእህቴ ባል አሸንፏል። ማታ ቸርችል ጎዳና ላይ መብራቱ በርቶ ነበር፤ ልጆቹ ተኝተዋል። አጎቴ ከፊት ወንበር ዞር ብሎ የሚቀጥለው ዓመት ቀጠሮ ገና ሳይሆን ጥምቀት ላይ እንዲሆን ጠየቀ፤ የዕረፍት ፈቃዱ የሚመቸው ያኔ ነው። መምህሩ እስከዚያ ጨለለቃ ከሚገባው በላይ ትሸሻለች ብሎ ተቃወመ። አክስቴም ቀኑ ምንም ይሁን ቱሉ ጉዶ መጀመሪያ ካልተጻፈ ስንቅ እንደማታዘጋጅ አሳወቀች። ደብተሩ ላይ ቱሉ ጉዶ ተጽፏል፤ ቀኑ ገና አልተወሰነም።